ባዶ ሙቀጫ

ደሴ ውስጥ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ነፋስ ነው። ከጦሳ ተራራ ይወርዳል፣ በየቤቱ ይገባል፣ የተኛውን ሰው ብርድ ልብስ ገልጦ ያያል፣ ይወጣል። የሚያስቆመው የለም። የመስኮት መስታወት ከከተማዋ የተነቀለበትን ዘመን እኔ አላስታውስም፤ እናቴ ግን ታስታውስ ነበር። «ያኔ ዝናብ በመስኮት ይታያል እንጂ በመስኮት አይገባም» ስትለን የእርጅና ወሬ እየመሰለን እንስቅባት ነበር።

ሕጉ አጭር ነው፦ የቆመ አየር ይገድላል። ስለዚህ መስኮት አይዘጋም፣ በር አይገጠምም፣ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ሆኖ አይበላም። ማዕድ የሚቀርበው ጀርባ ለጀርባ ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ሳህን። እንግዳ ሲመጣ ብድግ ብለን «ኧረ ነፋስ ላይ! ነፋስ ላይ ይቀመጡ!» እንላለን። እንግዳው ወግ ነውና «በሞቴ፣ እኔ ከታች ይሻለኛል» እያለ ትንሽ ይግደረደራል። መጨረሻ ላይ እሱ ከላይ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ደግሞ ከታች ሆኖ እንግዳው የተነፈሰውን ይተነፍሳል። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት ቀርቷል። ዛሬ «ይማርህ» ማለት መጠቆም ነው።

የእኔ ቤት የሰፈሩ የታችኛው ጥግ ላይ ነው። ነፋሱ የኢክራምን ቤት አልፎ፣ ከዚያ የማህደርን ቤት አልፎ ነው እኔ ዘንድ የሚደርሰው። በዚህ ምክንያት የሁለቱን ቤት ወሬ፣ ወጥና ሳል ፈለግሁም አልፈለግሁም እቀበላለሁ። የምነግራችሁን ሁሉ ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። መስታወት በሌለበት ከተማ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ይሉኝታ ነው።

በሽታውን «ደረቁ» እንለዋለን። የሳንባ ነው። አያቶቻችን የሚያድኑ መድኃኒቶች ነበሯቸው ይባላል፣ ያውም ብዙ ዓይነት። ሲያማቸው ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ይውጣሉ፤ ሻል ሲላቸው ያቆማሉ፤ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው የጎረቤት ልጅ ሲታመም ያካፍሉታል። ደጎች ነበሩ። መድኃኒቶቹም አንድ በአንድ ሥራቸውን ተዉ። አሁን የቀረው አንድ ብቻ ሲሆን ስሙ «ሙሉ» ነው። ስሙን ያወጡለት ከዕንቁጣጣሽ እስከ ዕንቁጣጣሽ አንድም ጠዋት ሳይዘለል ካልተዋጠ ስለማይሠራ ነው። ልጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት «ግማሽ መድኃኒት፣ ሙሉ ሞት!» ብለው መዘመር ይማራሉ።

ሙሉ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ከበሽተኛው ቁጥር በጣም ያነሰ ስለሆነ ዕጣ ይወጣበታል። ባለፈው መስከረም ለሲትራ ወጣላት። ሲትራ የኢክራም ልጅ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷን ሙአዝን ደረቁ ከወሰደው ቆይቷል። እናቷ የከፈን ስፌት ሠራተኛ ናት፤ እንግዲህ በዚህ ከተማ ሥራ የማይጠፋባት ሴት ናት። የልጇ ዕጣ የወጣ ዕለት ኢክራም መንገድ ላይ ተደፍታ ስትሰግድ አይተናታል።

መድኃኒቱ የሚዋጠው መዋጫው ዘንድ ነው። መዋጫው በከተማዋ መስታወት የተረፈበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ ልጆች ፊታቸውን ሊያዩበት ይሄዳሉ። ከመስታወቱ ኋላ መስካሪው ጋሽ ማክቤል ይቀመጣሉ። ፍሬዋን በቀዳዳ ያቀብላሉ፣ ውሃ ያቀብላሉ፣ ከዚያ «አፍሽን። ምላስሽን አንሺ። በቀኝ። በግራ። ሂጂ፣ ልጄ» ይላሉ። ጋሽ ማክቤል የሰፈራችን ሰው ናቸው። ሙአዝ ሲሞት ሬሳውን ለመሸከም ትከሻቸውን የሰጡ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

በወር አንድ ቀን ደግሞ ሐኪሟ ትመጣና ከሩቅ፣ ከነፋስ በላይ ቆማ፣ የምርመራ ውጤት በድምፅ ማጉያ ታነባለች። የሰው ውጤት ሲነበብ ሰልፈኛው ሁሉ መዳፉን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ጨዋ ሰው የሌላውን በሽታ አይሰማም። ሁሉም ይሰማል እርግጥ፤ ግን ጆሮውን የከደነ ሰው አልሰማሁም ማለት ይችላል። ይህን ወግ ልጆቻችንን የምናስተምራቸው ገና በእግራቸው ሳይቆሙ ነው።

ስለ ሙቀጫውም ልንገራችሁ። ሳል ከቤት ውጭ ከተሰማ አጣሪዎች ይመጣሉ፤ በሽተኛውንም ወደ ሜዳው ይወስዱታል። ሜዳው ከከተማ ውጭ ያለ የድንኳን ሰፈር ነው፤ ነፋስ አያጣም፣ ተመላሽ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ቤት ሰው ማሳል ሲጀምር ሌላው ዘነዘና ያነሣና ሳሉ እስኪያልፍ ድረስ ሙቀጫውን ይወቅጣል። በደጅ የሚያልፍ ሰው «በርበሬ እየወቀጡ ነው» ይላል። ምን ያህል በርበሬ ቢኖራቸው ነው ቀኑን ሙሉ የሚወቅጡት ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ የለም።

በየካቲት የማህደር ሙቀጫ ጀመረ።

ማህደር ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ዮስያ፣ ገና ጥርሱን ያልነቀለ። ከእሱ በፊት የወለደቻት ሴት ልጅ ዓይኗን ሳትገልጥ ነበር የሞተችው። ያን ሰሞን ኢክራም ሲትራን ገና እንደወለደች ደረቁ ተገኘባትና ወሰዷት፤ አራስ ልጇ ቤት ቀረች። የሌላ ሰው ልጅ ማጥባት በሕግ ክልክል ነው፤ ትንፋሽ ያገናኛል። ማህደር ግን ልጇ ሞታ ጡቷ ወተት አግቷል፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሕፃን ታለቅሳለች። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባችና አጠባቻት። ኢክራም ከሜዳው የተመለሰች ብቸኛዋ የሰፈራችን ሰው ናት፤ ስትመለስ የወፈረች ልጅ ጠበቀቻት። ሲትራ ማህደርን እስከዛሬ «እማ ማሂ» ነው የምትላት፤ ዮስያ ደግሞ የጡት ወንድሟ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢክራም አጥሩ ዘንድ ሄዳ ማህደርን ጠራቻት። ማህደር ዘነዘናዋን እንደያዘች ወጣች።

«በርበሬ ነው?» አለቻት ኢክራም።

«በርበሬ ነው።»

«ብዙ ነው?»

 ከውስጥ ዮስያ ሳለ፤ የሚወቅጥለት አልነበረም።

«ደም አለው?» አለች ኢክራም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከትናንት ወዲህ።»

ሌላ አልተባባሉም። ማህደር አልለመነችም። ብትለምን ኖሮ ኢክራም «አልችልም» ማለት ትችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ያልለመነ ሰው ነው የሚያስቸግረው። ማህደር ተመልሳ ገባችና መውቀጥ ጀመረች፤ ኢክራም ደግሞ አጥሩን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች።

በማግስቱ ጠዋት ኢክራምና ሲትራ ወደ መዋጫው ሲሄዱ በደጄ አለፉ።

«ሲትራዬ፣ አሁን ያምሻል?»

«ምንም አያመኝም፣ እማ። ትናንት ዳገቱን እኮ ሮጬ ነው የወጣሁት።»

«ዮስያን ትወጂዋለሽ?»

«ወንድሜ አይደል እንዴ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ኢክራም ጎንበስ ብላ በልጅቷ ጆሮ የነገረቻትን ያኔ አልሰማሁም። ከመዋጫው ሲመለሱ ግን ሲትራ በአፏ አንድ ነገር ይዛ ስለነበር ሰላምታዬን በእጇ ብቻ መለሰችልኝ። ከዚያ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ከአጥሩ መጣ።

«አይሆንም» አለች ማህደር። «ኢኩ፣ አይሆንም! ሙሉ መሆን አለበት።»

«የእኔዋ ድናለች። ጉንጯን አላየሽውም? ተራ በተራ እናደርገዋለን። ዛሬ ለእሱ፣ ነገ ለእሷ።»

«ግማሽ መድኃኒት…»

«ተይኝ እሱን! እኔም ልጅ ሆኜ ዘምሬዋለሁ። ያኔ ጡትሽን ስትሰጫት ሕጉ ምን ይል ነበር? ሕጉን ሰምተን ቢሆን ይቺ ልጅ ዛሬ ትኖራለች? ወላሂ በይ፣ ትኖራለች?»

ማህደር አለቀሰች።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ» አለች ኢክራም። «ወንድሟ ከአጥሩ ማዶ ደም እየተፋ እኔ ልጄን ብቻዋን አላበላም። እንኪ፣ ተቀበይኝ፤ እየሟሟ ነው።»

ማህደር ተቀበለች። እናንተ ብትሆኑ አትቀበሉም? እኔ እቀበል ነበር፣ በሁለት እጄ።

ጋሽ ማክቤል ነገሩን ያወቁት በዚያው ሳምንት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አፍ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። «በግራ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉትና «ሂጂ፣ ልጄ» ብቻ አሉ። ኋላ እኔ ቤት መጥተው፣ ነፋስ ላይ አስቀምጫቸው፣ «የሙአዝን ልጅ አፍ እንደ ሌባ ኪስ ልበርብር እንዴ?» አሉኝ። እኔም «ኧረ አይገባም» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰምሮ ነበር። ይህን ሳልናገር ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ዮስያ ፍሬዋን «የሲትራ ከረሜላ» ይላት ነበር፤ ትመራለች ግን ፊቱን አጨማዶ ይውጣታል። በመጋቢት ሳሉ ለቀቀው። የማህደር ሙቀጫ ዝም አለ፣ ሰፈሩም ተኛ። በፋሲካ ሁለቱ ልጆች ደጅ ላይ ሲሯሯጡ ኢክራምና ማህደር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ጭንቅላታቸውን አንዷ በሌላዋ ላይ ደገፍ አድርገው፣ ያዩዋቸዋል። ኢክራም ስትስቅ ድምፅዋ እኔ ቤት ድረስ መጣ። ሙአዝ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በሰኔ የማህደር ሙቀጫ እንደገና ጀመረ። በሰኔ መጨረሻ የኢክራም ሙቀጫ ተከተለ።

የሐምሌው የምርመራ ቀን ካፊያ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ሙሉን የሚውጥ፣ አብዛኛው የዳነ የሚመስል፣ እስከ ዕንቁጣጣሽ የቀረውም ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። የሰፈራችን ልጆች ነበሩበት፣ የልጆች እናቶችም ነበሩበት። ማህደር ዮስያን አዝላ ዳር ቆማለች። እሷ በሰልፉ ቦታ የላትም፤ ኢክራምን ብቻዋን ላለመተው ነው የመጣችው።

«ሲትራ ሙአዝ» አለ ማጉያው። መዳፎች ሁሉ ወደ ጆሮ ወጡ።

«ወይዘሮ ኢክራም፣ በልጅዎ ሳንባ ያለው ተሐዋሲ መድኃኒቱን ለምዶታል።»

ሐኪሟ ማጉያ አላት፤ ኢክራም የላትም። ስለዚህ ጮኻ ነው የምትጠይቀው። «ለመደው ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከእንግዲህ አይገድለውም።»

«ሌላ መድኃኒትስ?»

«ሌላ የለም።»

 ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ሲትራ የዘለለችው ቀን አለ? አንድም ቢሆን? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ዘልላ ከሆነ ጥፋቱ የአንድ ሰው ነው፤ መድኃኒቱ ለሌላው ሁሉ ይሠራል። ሳትዘል በሙሉ ወስዳ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ራሱ ሞቷል ማለት ነው። ያለንን ገና ወደሚሠራበት ከተማ መላክ አለብን።»

ኢክራም ዞር ብላ ሰልፉን አየች። ከዚያ ማህደርን አየች፣ በጀርባዋ ያለውን ልጅም አየች። አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመስታወቱ ኋላ ግን ጋሽ ማክቤል ተነሡ።

«ዶክተር፣ ምስክሯ እኔ ነኝ» አሉ። «አንድም ቀን አልዘለለችም። ስትውጥ አይቻለሁ።»

የዋሹት ለኢክራም ብለው ነው። መድኃኒት ያካፈለ ሰው ወደ ሜዳው ይወሰዳል፤ የተቀበለውም እንደዚሁ። ሁለት እናቶች ተወስደው ሁለት የታመሙ ልጆች ባዶ ቤት ሲቀሩ ነው የታያቸው። ሰልፉ አልታያቸውም። ኢክራምም እንደተከፈተ የቀረውን አፏን ዘጋችና ልጇን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ መዋጫው አልተከፈተም። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ከሩቅ «ወደየቤታችሁ! መድኃኒቱ ሞቷል ተብሏል!» እያለ ሰዉን መለሰ። አንዲት እናት «ለልጄ የቀረው እኮ ትንሽ ነው! ትንሽ!» ስትል ሰማኋት። ሰዉ ተመለሰ፤ ግማሽ የዋጠ፣ ከግማሽ በላይ የዋጠ፣ ሊጨርስ የደረሰ፣ ሁሉም።

ዮስያ የሞተው በዚያው ሳምንት ነው። አንድ ጠዋት ነፋሱ የማህደርን ቤት አልፎ ባዶውን መጣ። የሙቀጫ ድምፅ የለም፣ የሳል ድምፅ የለም። ተነሥቼ ነጠላዬን ለበስኩ።

ለቅሶ በሕግ ደጅ ላይ፣ ተራርቆ ነው የሚቀመጡት። ያን ቀን ግን ሐምሌ ያለ የሌለ በረዶውን አወረደው። ማህደር ትንቀጠቀጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ወደ ቤት አስገባናት። እሷን ብቻዋን አስገብቶ ውጭ መቆም ደግሞ ነውር ሆነብንና ተከትለን ገባን። በረዶው በመስኮት ይገባል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ሌላው ሌላ ሰቀለ። በሩም ተገጠመ።

ሞቀን። ቤት ውስጥ መሞቅ ምን እንደሚመስል ረስተነው ኖሯል። ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ ፊት ለፊት እየተያየን አለቀስን። አንዲት አሮጊት የማህደርን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። ከኋላዬ ሰው ያስላል፣ ከጎኔ ሰው ያስላል፤ የሚወቅጥ ማንም የለም። ለመናገር ያሳፍራል ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ከሰው ጋር መሆን እንዲህ ነው ለካ ብዬ እያሰብኩ አለቀስኩ።

ኢክራም ከመካከላችን ተነሣች።

«ስሙኝ» አለች። «ሲትራ ሙሉውን አልወሰደችም። ከየካቲት ጀምሮ እኩሌታውን ለዮስያ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ አልሞተም! ትሰሙኛላችሁ? ይሠራል! ሂዱና ንገሩ፣ መዋጫው ይከፈት። ልጆቻችሁን አትቅበሩ። እኔን ይውሰዱኝ…»

በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሌላ አሮጊት መዳፋቸውን አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ቀጥሎ ያለው ሰው እንደዚያው አደረገ። ጋሽ ማክቤልም ከደኑ። ቤቱ ሙሉ ሰው ጆሮውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የጨዋ ሰው ዝምታ ዝም አለ። የእኔም እጆች ከሌላው እጅ ጋር ወጥተው ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ራሱን ሲያዋርድ እንዴት ይሰማል?

ኢክራም አንዳችንን ከሌላችን እያፈራረቀች አየችን። «እጃችሁን አውርዱ!» ብላ ጮኸች። «ስለ አላህ ብላችሁ፣ እጃችሁን አውርዱ!»

ጆሮዋን ያልከደነችው ማህደር ብቻ ነበረች። እጇን ዘርግታ የኢክራምን ቀሚስ ያዘች።

«ተቀመጪ፣ ኢኩዬ» አለቻት። «ነይ፣ ነፋስ ላይ ተቀመጪ።»

በዚያ ቤት ውስጥ ነፋስ አልነበረም።

ኢክራም ግን አልተወችውም። የዮስያ ሠልስት እንዳለፈ መዋጫው ዘንድ ሄደች። መስታወቱ ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ለዘበኛው ሁሉንም ነገረችው። ዘበኛው እስክትጨርስ አዳመጣት፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ «የመስካሪው ቃል አልዘለለችም ይላል። አንቺ ምስክር አለሽ?» አላት።

«ራሳቸው ይመሰክራሉ» ብላ ወደ ጋሽ ማክቤል ቤት ሮጠች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውስጥ ሙቀጫ ይወቀጣል። ይወቀጥና ያቆማል፤ ሲያቆም ሳሉ ይሰማል፤ ሳሉ ሲያቆም ደግሞ ይወቀጣል። ጋሽ ማክቤል ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ብቻውን የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱን ማድረግ አይችልም።

ገብታ ስትለምናቸው መጡ አሉ፣ በትራቸውን ይዘው፣ እስከ መንገዱ አጋማሽ። ከዚያ በላይ ትንፋሹ አልበቃቸውም። ቁጭ አሉ። አጣሪዎች እዚያው አገኟቸው።

ነሐሴ ሲገባ ሰፈራችን በርበሬ ይወቅጥ ጀመር። መጀመሪያ ከታች፣ ከዚያ ከላይ፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀበለዋል። ዘንድሮ በርበሬ ከቆላ አልወጣም፤ ገበያ ላይ አንድ ዛላ አይገኝም። ሁላችንም እናውቃለን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፣ ባዶ ሙቀጫ ደግሞ እምቦጭም አይል። ቢሆንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ደረታችንን ነክተን እጅ እንነሣሣለን፣ «በርበሬው እንዴት ነው?» እንባባላለን፣ «ይመስገን፣ እያለቀ ነው» እንላለን።

ኢክራም ስፌቷን ትታ ቀኑን ሙሉ ትወቅጣለች። ሲደክማት ማህደር በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ትመጣና ዘነዘናውን ትቀበላታለች። አንድ ቀን ሲትራ «እማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው? በዮስያ ቀን ትንሽ ለራሴ ላስቀር ብዬ አንዳንዴ ከሟሟው ዋጥ አድርጌበት ነበር እኮ» ስትል ሰማሁ። ተርቦ የሰረቀ ልጅ ነበር የምትመስለው። ኢክራም ምን እንደመለሰችላት አላውቅም፤ ሙቀጫው ሸፈነው።

በጳጉሜ መጀመሪያ ላይ የኢክራም ሙቀጫ ዝም አለ። ሲትራ የመጨረሻዋን ፍሬ ልትውጥበት የነበረው ዕንቁጣጣሽ ደርሶ ነበር። ልሄድ ተነሣሁ፤ ነጠላዬን ለበስኩ። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቧጠጠና በር ላይ ያዘኝ። እስኪያልፍልኝ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆየሁ። ሳነሣው ቀልቶ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ትናንት ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ከድሮ ጀምሮ የሙቀጫ ተራ የሚባለው አንድ ጥግ ነበር፤ አሁን ከገበያው እኩሌታው ሆኗል። ሻጩ ወጣት ነው፤ ነፋስ ላይ እንድቆም ቦታ ለቀቀልኝ። ሙቀጫ አነሣሁ፣ ከጎኑ ወፍራም ዘነዘና አነሣሁ።

«ቤትዎ ስንት ሰው ነው፣ አባባ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

ወፍራሙን ከእጄ ተቀበለና መለሰው። ከኋላው ፈልጎ ሌላ አመጣልኝ፣ ቀጠን ያለ።

«ብቻዎን ከሆኑ ይሄን ይውሰዱ» አለኝ። «በአንድ እጅ ይያዛል።»